የዳይሬክተሩ ጆሮ

አባቷ ግቢው መሃል ቆሞ «ና! ና ወዲህ!» እያለ ሲጣራ፣ ጎረቤታቸው ሽማግሌ የተጠሩ መስሏቸው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ውሻው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ግድግዳው ላይ የምትሄድ ጉንዳን በጥሞና ይከታተላል።

«አየሽው?» አለ አባቷ ወደ ሴት ልጁ ዞሮ። «ቢሮው ቁጭ ብሎ ‹የለም በሉት› የሚል ዳይሬክተር ማለት ይሄ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የውሻው ስም ዳይሬክተሩ ሆነ። ከጆሮው ጫፍ ላይ ካለችው ግራጫ ነጠብጣብ በቀር እንደ ወተት የነጣ፣ ዓይኖቹ ሰማያዊ የሆኑ ቡችላ ነው። መልኩን ያየ ሁሉ ይሳሳለታል። ጠባዩን ያየ ግን ይበሽቃል፤ ቢጠሩት አይመጣ፣ ቢቆጡት አይደነግጥ፣ በር ሲንኳኳ አይጮኽ።

ከሁሉ ይበልጥ የቆሰለው አባቷ ነበር። መኪና መንዳት ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ ከሠልጣኞቹ ጎን ተቀምጦ «ፍሬን» ሲል ሰው ይቆማል፣ «ግራ» ሲል ይታጠፋል፣ ባይታጠፍም ቢያንስ ይደነግጣል። ቤቱ ሲገባ ግን አንድ ቡችላ ከቁብ አይቆጥረውም። ስለዚህ ቆረጠ፤ ቅዳሜ ለሚያውቀው የጋራዥ ዘበኛ ሊሰጠው። «እሱ ሰው ያደርገዋል» አለ፤ ውሻ ሰው እንዲሆን ለምን እንደተፈለገ ግን ማንም አልገባውም።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ቡችላውን አንሥታ አቀፈችው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አንድ መልስ ሲሰጧት ሁለት ጥያቄ ስለምትጨምር በቤትም በትምህርት ቤትም «ጥያቄ» ይሏታል። ዳይሬክተሩን የሰጠቻት አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ናት፤ የደንብ ልብሷ ከጠዋት እስከ ማታ ተተኩሶ እንደወጣ ስለሚውል «ሽቅርቅር» የምትባለዋ። ሽቅርቅር ቤት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ውሻ አሉ። ሁለቱም ዝንጉርጉር ናቸው፤ ግራጫ ጸጉራቸው ላይ አንድ ሰው እስክሪብቶ ያራገፈባቸው ይመስላሉ። የሴቷ አንድ ዓይን ቡናማ፣ ሌላው ሰማያዊ ነው። ቡችላው የእነሱ ልጅ ነው። ሽቅርቅር ስትሰጣት «የጨዋ ዘር ነው፤ ዝም ብሎ አይጮኽም» ብላት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከበራቸው ፊት ለፊት የቆመ የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ የነበረችው እናቷ መቀሱን ጥላ ተነሣች። አባቷ ካሸለበበት ሶፋ ላይ «ፍሬን!» ብሎ ተፈናጠረ። ጥያቄ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ እዚያ ዳይሬክተሩን አገኘችው። እያንኮራፋ ነበር።

አባቷ «ድፍረቱስ!» ብሎ ተገረመ። ጥያቄ ግን ሌላ ነገር ጠረጠረች። በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ቡችላውን አቅፋ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄደች።

ሐኪሟ የአንዲት እምቢተኛ ድመት ጥፍር እየቆረጡ ነበር። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ዳይሬክተሩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አስቀመጡትና ከኋላው የብረት ትሪ በማንኪያ መቱ። ድመቷ በመጋረጃው ላይ ተንጠላጥላ ጣሪያ ደረሰች። ዳይሬክተሩ አዛጋ።

«አይሰማም» አሉ ሐኪሟ፣ ድመቷን ለማውረድ ወንበር እየሳቡ።

ወንበሩ ላይ እንደቆሙም አስረዷት። ያ ዝንጉርጉርነት በጂን የሚወረስ ነው። ቡችላው ጂኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወርስ ቀለሙ እዚህም እዚያም ይደበዝዝና የሚያምረው ቡራቡሬ ይወጣል፤ አንዳንዴም ዓይኑ ሰማያዊ ይሆናል። ከሁለቱም ወላጆች ሲወርስ ግን ቀለሙ ከልክ በላይ ይጠፋል። ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ደግሞ ሥራቸው ጸጉርና ዓይን ላይ ብቻ አይደለም፤ ውስጠኛው ጆሮም ያለ እነሱ አይሰማም። ሁለት ዝንጉርጉሮች ከተዳቀሉ እያንዳንዱ ቡችላ ጂኑን ከሁለቱም የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እንዲህ ከሚወለዱት ብዙዎቹ ወይ አይሰሙም ወይ በደንብ አያዩም።

«ለወላጆቹ ባለቤት ንገሪያት» አሉ ሐኪሟ። «ሁለተኛ እንዳታዳቅላቸው።»

ለማለት ቀላል ነው። ሽቅርቅር የሚቀጥሉትን ቡችሎች ለግማሹ ክፍል ቃል ገብታ ጨርሳለች፤ ወረፋው መጀመሪያ ላይ ያሉት ደግሞ ራሳቸው የባዮሎጂው መምህር ናቸው። የባሰው ነገር፣ ሰኞ ሁለቱ ልጆች ክፍሉ ፊት ቆመው ስለ ውርስ ሊያስረዱ ነው፤ ምሳሌያቸውም የሽቅርቅር ውሾች ናቸው።

ጥያቄ ከክሊኒኩ በቀጥታ እነ ሽቅርቅር ቤት ሄደች። ጓደኛዋ ለሰኞ ፎቶ ልታነሣቸው ውሾቹን ታበጥራለች። የሐኪሟን ቃል አንድ በአንድ ነገረቻት። ሽቅርቅር መጀመሪያ ሐኪምም ይሳሳታል አለች፤ ቀጥላ ቡችላው ኩሩ ስለሆነ ነው አለች፤ በመጨረሻ ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

«ሳህን ሳንኳኳ ሌሎቹ እየተጋፉ ይመጡ ነበር። እሱ ይተኛል። እየነካሁ ነበር የምቀሰቅሰው።»

«እያወቅሽ ነዋ የሰጠሽኝ?»

«ሌላ ሰው ያውቅና ይመልሰዋል ብዬ ፈራሁ» አለች ሽቅርቅር። «አንቺ ትጠይቂያለሽ እንጂ አትመልሺም።»

ጥያቄ መናደድ ፈልጋ ነበር፤ ከየት እንደሚጀመር ግን ጠፋት። ሽቅርቅር ሰኞ ስለ ጆሮ ምንም እንዳታነሣ ለመነቻት፤ ክፍሉ ፊት መሳቂያ እሆናለሁ፣ ቲቸርም አኩርፈው ማርክ ይቆርጡብናል አለች። ጥያቄ እሺም እንቢም ሳትል ቡችላዋን አቅፋ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ለነገው ጉዞ የዳይሬክተሩን ገመድ ይፈትሻል። አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ዳይሬክተሩ ጥጋበኛ አይደለም። ደንቆሮ ነው።»

«እሱንማ እኔም ብያለሁ።»

«ጆሮው አይሰማም ማለቴ ነው።»

አባቷ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ሐኪሟ ያሉትን ሁሉ አስተረካት። ስትጨርስ ወደ ውሻው ዞረ።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ የተሳደብኩትስ?»

«አንዱንም አልሰማም።»

«ደግ ሆነ» አለ። «አንዳንዱ ለጆሮ የሚሆን አልነበረም።»

እናቷ የምትሰፋውን ጨርቅ አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን አፈነች። አባቷ ግን አልሳቀም። ሄዶ ዳይሬክተሩ ፊት ቁጢጥ አለና፣ ድምፁ የተዘጋ ቀን ለሠልጣኞቹ እንደሚያደርገው መዳፉን ቀስ ብሎ ወደ ታች ዝቅ አደረገ። ዳይሬክተሩ መዳፉን አየ፣ አባቷን አየ፣ ከዚያ ጫማውን ማኘክ ጀመረ። አባቷ ደጋገመው። እራት እስኪቀርብ ድረስ ውሻው አንዴ ተቀመጠ፤ በስሕተትም ሊሆን ይችላል።

«ቢያንስ ያየኛል» አለ አባቷ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «የእኔ ሠልጣኞች ስልካቸውን ነው የሚያዩት።» የዘበኛውን ነገር ሁለተኛ አላነሣም።

ሰኞ ሽቅርቅር የውሾቿን ፎቶ ስትሰቅል ክፍሉ ለማየት ተንጠራራ። ስለ ዝንጉርጉሩ ጸጉርና ስለ ሰማያዊው ዓይን አሳምራ ተናገረች። ተራው የጥያቄ ሆነ። ሰሌዳው ላይ አራት ክፍል ያለው ሳጥን ሣለች፤ ከላይ የእናት፣ ከጎን የአባት ጂን። አንደኛው ክፍል ውስጥ «አንድ ወጥ ቀለም» ብላ ጻፈች፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ውስጥ «ዝንጉርጉር»። እዚያ ላይ እጇ ቆመ።

መምህሩ አራተኛው ላይ ምን እንደሚወድቅ ጠየቁ።

«የቲቸር ቡችላ» አለ አንድ ልጅ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ መምህሩም ሳቁ።

ጥያቄ ዞራ ጓደኛዋን አየች። ሽቅርቅር የቀሚሷን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ጥያቄ ብትናገር ነገሩ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፣ ጓደኝነታቸውም ምናልባት አብሮ ያልቃል። ዝም ብትል ደግሞ ቃል የተገባላቸው ቡችሎች ይወለዳሉ። ቅዳሜንና እሑድን ይህንኑ ስታወጣና ስታወርድ ሰንብታ ምንም አልወሰነችም ነበር። አሁን ጠመኔውን ለሽቅርቅር ዘረጋችላት።

«ካልጻፍሽው እኔ እጽፈዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «አንቺ ብትጽፊው ግን ይሻላል።»

ሽቅርቅር ጠመኔውን እንደ ትኩስ ነገር በጣቶቿ ጫፍ ተቀበለች። «ነጭ» ብላ ጻፈች። ትንሽ ቆየችና ከሥሩ፣ ፊደሎቹ ወደ ታች እየተንሸራተቱባት፣ «ላይሰማ ይችላል» የሚል ጨመረች። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞራ ነጩ ቡችላ ምን እንደነበረበት፣ እሷም እያወቀች ምን ብላ እንደሰጠችው ነገረቻቸው።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ሳጥኑን እንደገና አነበቡት።

«ታዲያ የእኔ ቡችላ?»

«አይኖርም፣ ቲቸር።»

ጥያቄ ትከሻዋ ከጓደኛዋ ትከሻ እስኪገናኝ ተጠጋቻት። ሁለቱም ሳቁን ጠበቁ። አልመጣም። ፊት ወንበር ላይ ያለችው ልጅ ብቻ እጇን አውጥታ፣ ነጩ ቡችላ አሁን የት እንደሆነና ሰው ይፈለግለት እንደሆነ ጠየቀች።

«አይፈለግለትም» አለች ጥያቄ። «የእኛ ነው።»