የጎረቤት መድኃኒት

«አንሺው!» አለች ሐጂራ። «ይኼን ካርቶን አሁን አንሺው፤ አለዚያ እቀደዋለሁ።»

«አልነካውም» አለች ኑርሃን። «የኤግዚቢሽኑ ነው።»

«የአባትሽ ነው እንጂ! አትፎግሪኝ።»

ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መሀል ተፋጠዋል። በመካከላቸው ባዶ የንብ ቀፎ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ላይ የሞቱ ንቦች እንደ ቡና ገለፈት ፈሰዋል። አጠገቡ የቆመው ካርቶን «ከአቶ ሙሳ ግቢ። ንቦቹን የፈጃቸው የጎረቤት መድኃኒት ነው» ይላል። ሙሳ የኑርሃን አባት ነው። ጎረቤቱ ደግሞ የሐጂራ አባት ኸድር። በድንበር ከተጣሉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ኤግዚቢሽኑን የሱዳን፣ የኬንያና የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች በአንድ አውቶቡስ ጭነው ወደ ደሴ ሲያልፉ ሸዋ ሮቢት ላይ ለሁለት ቀን አወረዱት። ሰው በመሬት ላይ ያደረሰውን ጉዳት ያሳያል ተባለ። የከተማው ሰው ሥዕል መስሎት መጣ። ያገኘው የተሰፋ ፌስታል፣ የከሰለ ግንድና የተሰነጣጠቀ ጭቃ ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር «ይኼማ እኛ ጓሮ በነጻ አለ» ብሎ ወጣ።

ሠዓሊዎቹ በደረሱበት ሁሉ የአገሬውን ዕቃ ይጨምራሉ። ሙሳ ይህን ሲሰማ ቀፎውን ተሸክሞ መጣ፤ የትምህርት ቤቱ መምህር ዳዊትም እሱ የነገራቸውን ካርቶኑ ላይ ጻፉለት። ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ሲነግሯት ሱዳናዊቷ ሠዓሊ «ንቦቹ ታመው ነበር?» ብላ ጠየቀች። እዚህ ቀወት ወረዳ ውስጥ የተባይ መርዝ «መድኃኒት» እንደሚባል ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

«የቦይ ውኃ የሚያድሉት ሽማግሌዎች አሁን ይመጣሉ» አለች ሐጂራ። «ይኼን አይተው የቦይ ተራችንን ሊነጥቁን ነው። በዚህ ሙቀት ሽንኩርታችን ያለ ውኃ ስንት ቀን ይቆማል?»

«አባትሽ ረጭቷል።»

«ረጭቷል፤ ማክሰኞ! ንባችሁ ያለቀው ግን ከዚያ በፊት፣ እሑድ ነው። የውሸታም ልጅ!»

ኑርሃን ጨርቁ ላይ ወደፈሰሱት ንቦች ዞረች። እሑድ ጠዋት አባቷ አበባ የያዘውን ማሾ ሲረጭ፣ መድኃኒቱ የሚበጠበጥበትን ውኃ ከቦዩ በጀሪካን አራት ጊዜ ያመላለሰችው እሷ ነች። ለዙህር ሶላት ሲጣራ ንቦቹ ይረግፉ ነበር። አባቷ ቀፎውን አየ፤ የኸድርን አጥር አየ፤ ከዚያ «ኸድር ነው» አለ። እሷ ዝም አለች። ዝም ማለት ያን ቀን ቀላል ነበር።

ከውጭ የአባቷ ድምፅ ተሰማ። «ሼህ አብዱልሃዲ፣ በዚህ ይግቡ። በዓይንዎ ይዩት።»

ሐጂራ እጇን ወደ ካርቶኑ ሰደደች። ኑርሃን ያዘቻት።

«ብትቀጂው አባቷ ነው ያስቀደዳት ይላሉ። ልቀቂ።»

እስክሪብቶ አውጥታ ጎንበስ አለች። «የጎረቤት» ከሚለው ውስጥ «ጎ» እና «ረ»ን ብቻ እስኪጠቁሩ ድረስ ሰረዘቻቸው።

ሐጂራ አነበበችው። «የቤት መድኃኒት…» አለች በቀስታ። ከዚያ ፊቷን አጠቆረች። «እና አሁን ልሳምሽ?»

«አይ።»

«ጥሩ» ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ሙሳ ሽማግሌዎቹን እየመራ ገባ። እሱ የሚያነበው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው። የተሰረዘው ቃል ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ቆመ።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ» አለች ኑርሃን። «ውኃውንም ያመላለስኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ! ውጪ!»

«ቆይ እስቲ ሙሳ» አሉ ሼህ አብዱልሃዲ። «የምን ውኃ ነው፣ ልጄ?»

ኑርሃን ከአባቷ ዓይኗን ነቅላ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«የእሑዱ፣ የመድኃኒቱ» አለች።