የፈረሰው ናሙና

የግልግል ዳኛው ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። የኋላ ጭንቅላታቸው ተፈርክሶ ደሙ እስከ መጋረጃው ተረጭቷል። እግራቸው ሥር ጣሳ የሚመስል የአርማታ ናሙና በደም ተለቅልቆ ተጋድሟል።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ የሟቹን ፀጉር ፈለቀቀች። በመሃሉ አሸዋ አለ። ናሙናውን አገላብጣ አየችው፤ ጠርዙ እንኳ አልተሸረፈም። ወለሉም ተጠርጓል። ሰው ገድሎ ቤት የሚጠርግ ሰው አበሸቃት።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው ተራ በተራ የጠሯቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የመንግሥት ጠበቃዋ፣ አዲሱን የማዋለጃ ሆስፒታል የሠሩት ተቋራጭና አርማታውን የፈተሸው መሐንዲስ።

«ለምን ጠሩዎት?» አለች ጠበቃዋን።

«ሕንፃው ጥራት አለው፣ መንግሥት ይረከብ ብለው የፈረዱት እሳቸው ነበሩ። ሳንወድ ተረክበን ሥራ አስጀመርነው፤ ውሳኔው ይሻርልን ብለን ግን ፍርድ ቤት ሄድን። ዛሬ ‹ተታልያለሁ፤ ከራሱ ከምሰሶው ናሙና አስቆርጫለሁ፤ ነገ ለችሎቱ አሳያለሁ› አሉኝ።»

«የታለ?»

«ጠረጴዛው ላይ ነበር። አሁን የለም።»

መሐንዲሱ፣ «ተቋራጩ ያመጡልኝን ናሙና ፈተሽኩ፤ ጠንካራ ነበር። ከየት እንዳመጡት አላየሁም» አለ።

ተቋራጩ ግን ተኮሳተሩ። «የፈረደልኝን ሰው ልግደል?»

ወንፊት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ዳኛው የተመቱት በዚህ ናሙና አይደለም። የመታቸው ናሙና ጭንቅላታቸው ላይ ፈርሷል፤ አሸዋው ፀጉራቸው ውስጥ ቀርቷል። ገዳዩ ፍርስራሹን ጠርጎ ወሰደና ለግልግሉ ማስረጃ ሆኖ ከቀረበው ጠንካራ ናሙና አንዱን ከመደርደሪያው አንስቶ ደም ቀባው። ጠበቃዋ ቢሆኑ ያንን ፍርስራሽ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁት ነበር፤ ችሎት የሚረቱት በሱ ነው። መሐንዲሱ ደግሞ አርማታ ሲሰብር የኖረ ሰው ነው፤ የሚፈርሰውን ሲያየው ያውቀዋል፣ ለመግደልም አያነሳውም። በንዴት እጁ የገባውን ያነሳው ሌላ ነው።»

ተቋራጩ ሳቁ። «ይሄ ግምት ነው፣ ልጄ። የኔ ሕንፃ ዓለት ነው።»

«እንግዲያው ደስ ይበልዎት። ለምርመራ የወሰድነው ስልክዎ እኔ ጋ ነው፤ ባለቤትዎ ደውለው ነበር። ልጅዎን ድንገት ምጥ ይዟት እዚያው ሆስፒታል ገብታለች፤ ሦስተኛ ፎቅ።»

የተቋራጩ ፊት አመድ መሰለ። ዘለው ስልኩን ሊነጥቋት አንገቷን አነቁ። ፖሊሶቹ ወለሉ ላይ ሲደፏቸው አፍንጫቸው ተሰበረ፤ ደማቸው ከዳኛው ደም ጋር ተቀላቀለ።

«ገደልኳቸው፣ እሺ፣ ገደልኳቸው። ልጄን ከዚያ አውጡልኝ። ምሰሶው ክብደቱን አይችልም።»

ወንፊት አንገቷን እያሻሸች ሆስፒታሉ ደወለች። «ሕንፃውን ባዶ አድርጉት። ከላይኛው ፎቅ ጀምሩ፤ አንድም እናት እንዳትቀር።»

«ልጄን አስቀድሙልኝ» አሉ ተቋራጩ ከወለሉ።

«በተራዋ ትወጣለች» አለች። ልጅቷ መውጣቷን ለመስማት ግን ስልኩን አልዘጋችውም።