የእናኑ ካብ በማርስ ላይ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሥቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ዛርም ጥላም አላውቅም፣ ይህንንም የምጽፈው ያየሁት ስለሆነ ብቻ ነው።

ደባርቅ የምኖረው ከእህቴ ልጅ ከትዕግሥት ጋር ነው፣ የፊዚክስ መምህርት ናት። በሰኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ደጃፋችን ድረስ መጥቶ ቆሞ ሳለ፣ ኮምፒውተሯን ፊቴ አስቀመጠችው። ማርስን ሳተላይት እየዞረ ከላይ ያነሣው ፎቶ ነው፣ ለየት ያለ ቅርጽ ፈልጋ ለተማሪዎቿ ልታሳይ ነው።

«አክስቴ፣ እርስዎ ምስር ሲለቅሙ አንድ ጠጠር አያመልጥዎትም፣ እስቲ ይዩልኝ።»

«ምኑ ይታያል? የጃናሞራ ገደል እንኳ ከዚህ ይሻላል።»

«የጃናሞራ ሰው ይስማዎት!»

ደክሞኝ ነበር። በሳምንቱ ዳባት ፍርድ ቤት ለምስክርነት ተጠርቻለሁ። መሬት ተለክቶ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ እዚያ የልኬቱ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርሁ፣ እናኑ የምትባል ሴት ባሏ ሞቶባት፣ አርባው ስላልወጣ ከቤቷ አልወጣችም፣ ድንበሯን የባሏ ወንድም ቆሞ አሳየን፣ እኔም እንዳለው ቀጥ አድርጌ ጻፍሁት። እሷ ግን ድንበሩ ላይ የታጠፈ ካብ ነበረ፣ የባሌ ወንድም ከልኬቱ በፊት አፈረሰው ትላለች። እኔ ስደርስ አንድ ድንጋይ አልነበረም። «አላውቅም» ልል ቆርጬአለሁ፣ እኔ አላውቅም ካልሁ ደግሞ መሬቷ እንደተወሰደ ይቀራል።

ፎቶውን ወደ ታች እየገፋሁ ሳይ፣ ከውጭ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፣ ቋ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ቋ።

«ጎረቤት ካብ ይሠራል እንዴ?» አለች ትዕግሥት።

የጎረቤታችን አጥር ቆርቆሮ ነው። ወጥቼ አየሁ፣ ከጉም በቀር ማንም የለም። ተመልሼ ስቀመጥ በፎቶው ባዶ መሬት ላይ የድንጋይ መስመር ታየኝ፣ እንደ ክንድ የታጠፈ፣ መታጠፊያው አጠገብ ክፍተት አለው፣ በክፍተቱ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

ትዕግሥት ጎንበስ ብላ አየችና «ተፈጥሮ የሠራው ነው፣ ግን ያምራል» አለች።

ፍርድ ቤት ምዬ ቆምሁ። እመኑኝ፣ አላውቅም ልል አፌን ስከፍት የወጣው ያ መስመር ነው፣ መታጠፊያው፣ ክፍተቱ፣ ሁለቱ ድንጋዮች።

«በዓይንዎ አይተዋል?» አሉኝ ዳኛው።

«አይቻለሁ።»

ፍርድ ቤቱ የላካቸው ሽማግሌዎች ወርደው አስቆፈሩ፣ የካቡ መሠረት ከእርሻው ሥር እንደታጠፈ ተገኘ፣ ሁለቱ ድንጋዮችም እንዳልሁት ጎን ለጎን። መሬቷ ተመለሰላት። እናኑ እጄን ይዛ «እቴ፣ ክፍተቱ እኮ የባሌ መሸጋገሪያ ነው፣ ለማንም አልተናገርሁም፣ ማን ነገረሽ?» ብትለኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ሄድሁ።

ለነፍስ አባቴ፣ ያላየሁትን ካብ አየሁ ብዬ ማልሁ አልኋቸው። «ልጄ፣ እውነት ሆኖ ተገኘ አይደል? ምን ቸገረሽ?» አሉኝ።

ቤት ስገባ ትዕግሥት ያንኑ ፎቶ ከፍታ ትጠብቀኛለች።

«አክስቴ፣ ይምጡ እንጂ፣ ከእርስዎ መስመር በታች ሌሎችም አሉ፣ ብዙ ናቸው።»

ዓይኔን አሞኛል አልኋት፣ እስከ ዛሬም አላየሁትም። መሬት በተለካበት ዓመት በእጄ የጻፍሁት የሦስት ቀበሌ መሬት ነው፣ ባለቤቱ ሳይቆም የጻፍሁት ስንቱን እንደሆነ አላስታውስም።