ሐይቁን የጠጣችው ታንኳ

ልጆች፣ ቀረብ በሉ። የዚህ ታሪክ ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ከእውነትም ይበልጣል።

በጣና ሐይቅ ዳር ዘቢደር የምትባል ልጅ ነበረች። ዓሣ ለማጥመድ ከመጓጓቷ የተነሳ በእንቅልፏ ትቀዝፍ ነበር፤ አልጋዋ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄዷል።

አንድ ቀን አጎቷ ይሁኔ፣ «ነገ ሰው ወደማይኖርበት፣ ወንዙ ሐይቁ ውስጥ ወደሚገባበት ጫካ እንሄዳለን» አለ። «እዚያ ያለው አምባዛ የሚባል ዓሣ ጢሙ ከኔ ጢም ይረዝማል።»

«እኔስ?» አለች ዘቢደር።

«አንቺም አለሽበት።»

ዘቢደር «ነገ ታንኳ፣ ነገ ዓሣ» እያለች ዘለለች። ዶሮዎቹም አብረዋት ዘለሉ።

ሥራ ተከፋፈሉ። ወንድሟ ገላው መረቡን ጠገነ። ጎረቤታቸው እትዬ በላይነሽ ስንቅ ቋጠሩ፤ ቆሎው ብቻውን አንድ ኮረብታ ያክል ነበር።

«የዘቢደር ሥራ ታንኳዋን መጠበቅ ነው» አለ አጎቷ።

ታንኳዋ የተሠራችው ከደንገል ነው። ደንገል ውሃ ዳር የሚበቅል ረዥም ሣር ነው፤ ውሃ መጠጣት ይወዳል። ስለዚህ ታንኳዋ ሁልጊዜ ከውሃ ወጥታ፣ ቆማ፣ ፀሐይ ትሞቃለች።

ዘቢደር ግን፣ «ነገ እንዳናረፍድ ከአሁኑ ውሃው ላይ ላስቀምጣት» ብላ አሰበች።

ገፋች። ገፋች። ቸብ!

በገመድ አሰረቻትና «ነገ ታንኳ፣ ነገ ዓሣ» እያለች ወደ ቤት ሮጠች።

ታንኳዋም ጠማት። ጉጭ! ጉጭ! ጉጭ!

ጠዋት ሲመጡ ታንኳዋ አብጣ ዝሆን አክላለች። ሐይቁ ከመጉደሉ የተነሳ የጉማሬዎቹ ቁርጭምጭሚት ታየ።

ገላው አንድ እግሩን አሳረፈባት። ጉጭ! ሰመጠች።

«ማነው ውሃ ላይ ያሳደራት?» አለ አጎቷ።

ዘቢደር መሬት መሬቱን አየች። «ጥለውኝ ሊሄዱ ነው» ብላ ፈራች።

ቢሆንም ተናገረች። «እኔ ነኝ። እንዳናረፍድ ብዬ ነው።»

አጎቷ ግንባሩን ቋጠረ። እንቁራሪቶቹ እንኳ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

እትዬ በላይነሽ ሳቁ። «ይሁኔ፣ ግንባርህን አትቋጥር። አንተስ በልጅነትህ ታንኳ ሳምንት ሙሉ ውሃ ላይ አሳድረህ ዓሦች ቤት አልሠሩባትም?»

«አምስት ቀን ነው» አለ አጎቷ። ጢሙ ውስጥ ፈገግታ ተደበቀ።

አራቱም ገመዱን ያዙ። ሳብ! ሳብ! ሳብ!

ታንኳዋን ዛፍ አስደግፈው አቆሟት። ውሃው ወረደ። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

«እስክትደርቅ እንጠብቃለን» አለ አጎቷ። «ያለ ዘቢደር የሚሄድ የለም።»

ሦስት ቀን ጠበቁ። ዘቢደር በየጠዋቱ ታንኳዋን ወደ ፀሐይ አዞረች። ቆሎው ግን መጠበቅ አልቻለም፤ ኮረብታው አለቀ።

በአራተኛው ቀን ታንኳዋ እንደ ላባ ቀለለች። አራቱም ተሳፍረው ሄዱ። አምባዛዎቹ ጢማቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ጠበቋቸው።

ሲመለሱ አጎቷ ዓሣውን ሣር ላይ አራት ቦታ ደረደረ። አንዱ የአጎቷ፣ አንዱ የገላው፣ አንዱ የእትዬ በላይነሽ።

«ይሄኛውስ የማን ነው?» አለች ዘቢደር ቀስ ብላ።

«ሦስት ቀን የጠበቅናት አንዲት ልጅ አለች» አለ ገላው። «የእሷ ነው።»

ዘቢደር ሦስቱንም አንድ በአንድ አየቻቸው። «ስለጠበቃችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ዓሣዋን ታቅፋ ለእናቷ ወሰደች። እናቷ ጠበሰችው፤ ሰፈሩ ሁሉ በልቶ ጠገበ፣ ድመቶቹ ለሦስት ወር አይጥ አላሳደዱም።

ዘቢደር እናቷ ጎን ተጋድማ ምስጋና ጀመረች። ገመዱን አመሰገነች። ፀሐይዋን አመሰገነች። የእትዬ በላይነሽን ሳቅ አመሰገነች።

አምባዛው ጋ ስትደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።