የዶክተር ፔንሃሎ ዝምታ

በ1918 እ.ኤ.አ. የመስከረም ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የሃርዊክ ከተማ የብረት ማቅለጫዎች ጭስ እንደ ወትሮው ወንዙን ተጭኖት ነበር፤ ዋናው ጎዳና ግን ከዳር እስከ ዳር በባንዲራ አሸብርቆ፣ ወደ ፈረንሳይ ግንባር የሚዘምተው ሻለቃ ጦር የሚሸኝበትን የቅዳሜ ሰልፍ ይጠባበቅ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የከተማው የጤና ሹም ዶክተር ኤልስዎርዝ ፔንሃሎ ከወታደሮቹ ሰፈር በቀጥታ ወደ ከንቲባው ቢሮ ገቡ። በሰፈሩ ሆስፒታል የጉንፋን ወረርሽኝ የያዛቸው፣ ጢማቸው በቅጡ ያልወጣ ጎረምሶች ፊታቸው ሰማያዊ ሆኖ፣ በገዛ ደማቸው እየታፈኑ ሲሞቱ አይተው ነበር።

ቢሮው ውስጥ ከንቲባ ራንዶልፍ ታስከርና የጋዜጣ ባለቤቱ ክላይድ ሆሊስተር ተቀምጠዋል። ሦስቱም በብሬንፎርድ ኮሌጅ የአንድ የተማሪዎች ወንድማማች ማኅበር አባላት ነበሩ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው፣ ዓይናቸው በጨርቅ ታስሮ አንዱ ሌላውን በአደባባይ ላያዋርድ ምለዋል። አንዱ ወደ ሥልጣን፣ አንዱ ወደ ጋዜጣ፣ አንዱ ወደ ሕክምና ቢበታተኑም መሐላው አልላላም፤ ፔንሃሎንም ለሹመት ያበቋቸው ሁለቱ ናቸው።

«ክቡር ከንቲባ፣ ሰልፉ መሰረዝ አለበት» አሉ ዶክተሩ፣ ኮፍያቸውን እንኳ ሳያወልቁ።

«ክቡር ከንቲባ!» ታስከር ሳቁ። «ሰማኸው ክላይድ? ይሄ ሰውዬ ሊጣላኝ ነው የመጣው።»

«ራንዶልፍ፣ አልቀልድም። ያን ሁሉ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ካቆምከው ከተማው ያልቃል።»

«ጉንፋን እኮ ነው!» አሉ ሆሊስተር። «አንተ ድሮም ፈሪ ነህ፤ ፈተና በመጣ ቁጥር ሆዴን የምትለው ማን ነበር?»

«ሕጉ ሥልጣን ሰጥቶኛል። ብቻዬን ልከለክለው እችላለሁ።»

ከንቲባው ሳቃቸውን አቁመው ተነሡና እጃቸውን በዶክተሩ ትከሻ ላይ ጣሉ። «ትችላለህ። ነገ ለጀርመን ያደረ ከንቲባ እባላለሁ፤ ምርጫው ደግሞ ደርሷል። ወንድምህን ልታዋርደኝ ነው? እስቲ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

ዶክተሩ ቀና አላሉም። «እንግዲያው ያሳለው ሰው ቤቱ እንዲቀር በጋዜጣ ይነገር» አሉ ቀስ ብለው።

«እጽፋለሁ» አሉ ሆሊስተር፤ አልጻፉም።

ዶክተሩ ቤታቸው ሲደርሱ፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ የሆነችው አንድያ ልጃቸው ዊኒፍሬድ በደስታ ተቀበለቻቸው። «አባዬ፣ ቅዳሜ ከፊተኛው ረድፍ ነኝ! ትመጣለህ አይደል?»

አትሂጂ የሚለው ቃል ከአፋቸው ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን የሰውን ልጅ ለሰልፍ ለቅቆ የራስን ልጅ ማስቀረት አሳፈራቸው። «እመጣለሁ» አሏት።

ቅዳሜ ዕለት ሕዝቡ ጎዳናውን ሞላው፤ ዶክተሩም ከከንቲባው ጎን በመድረክ ላይ ቆመው፣ ልጃቸው እጇን እያውለበለበች ስታልፍ አዩ። ሳምንት ሳይሞላ ሆስፒታሎቹ ሞልተው ትምህርት ቤቶች ሕሙማን ማስተኛ ሆኑ፤ የሬሳ ሣጥን ጠፋ፤ በሰሜኑ መቃብር ረጅም ጉድጓድ ተቆፍሮ ሰው በአንሶላ እየተጠቀለለ ተደረደረበት። ያን ጊዜ ዶክተሩ ስብሰባን ሁሉ ከለከሉ፤ የሚሰበሰብ ግን አልነበረም።

ዊኒፍሬድ ሕሙማን ስታስታምም ወደቀች። ከንፈሯ ሲጠቁር አባቷ አጠገቧ ነበሩ።

«አባዬ፣ ይሄ ነገር እንደሚመጣ ቀድሞ ያወቀ ሰው አልነበረም?»

«ነበር፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

እጇን እንደያዙ ሳል በረታባት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ዶክተሩ ወደ ሆሊስተር ሄዱ። «ክላይድ፣ አውቄ ዝም እንዳልኩ ጻፍልኝ።»

«ልጅህን ቀብረሃል፤ ይበቃሃል» አሉ ሆሊስተር መስኮቱን እያዩ። «ደግሞስ አንተን ስጽፍ እኛን የት ላደርገን ነው?»

ታስከር ምርጫውን አሸንፈው በኋላ ሴናተር ሆኑ፤ ሆሊስተር አምባሳደር ሆነው ባሕር ተሻገሩ። ማኅበሩ የታላላቅ አባላቱን ታሪክ ሲያሳትም ሁለቱን በየሥራቸው አሞገሰ፤ ፔንሃሎንም «ሃርዊክን ከወረርሽኝ የታደገ ሐኪም» ብሎ ከጎናቸው አሰለፈ። በሰሜኑ መቃብር ጉድጓድ ውስጥ ያሉትን ግን በስም የመዘገበ የለም፤ በላያቸው ሣር በቅሏል። ዶክተሩ ያ ጽሑፍ እንዲታረም ደጋግመው ጠየቁ፤ ማኅበሩም ስለ ትሕትናቸው አመሰገናቸው።