መብራቱ ይግባ፣ አይግባ

አናጢው ጣውላ ተሸክሞ የወንዙን ዳር የብስክሌት መንገድ ሲያቋርጥ ነበር ልጅቷ ከነብስክሌቷ መጥታ የገጨችው። ፀሐይ ገና መጥለቋ ነው። ጣውላው ወዲያ፣ እሷ ወዲህ ወደቁ።

«እመቤቴ፣ ፍሬን የሚባል ነገር አልሰማሽም?» አላት እያነሣት።

«አላየሁህም» አለች።

«ይህን የሚያህል ጣውላ?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ፍሬን የለሽ» ሆነ። የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው። አመሻሽ ላይ ስትወጣ መንገዱ ጫፍ ይጠብቃታል፤ ብስክሌቷን እየገፋ፣ እሷ ከጎኑ ሳትርቅ፣ እስከ ቤቷ ይሸኛታል። ፍቅር እንዲህ ያዛቸው።

አንድ ያልነገረችው ነገር ግን ነበር። የዓይን ሐኪሙ ቁርጧን ነግሯታል፦ መጀመሪያ በጨለማ ማየት ይጠፋል፤ ቀስ በቀስ የቀኑም ይከተላል። ቀኑን ሙሉ ለሰው መድኃኒት ስትሰጥ የምትውለው ልጅ ለራሷ አጣች።

«እንጋባ» ባላት ማግስት ራቀችው። በጓሮ በር መውጣት ጀመረች። ስልኩንም አታነሣም። እሱ ደግሞ «አናጢ ምኗ ነው፣ ንቃኝ ነው» ብሎ አንጀቱ አረረ።

ከወራት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ የሠፈሩን ሰው ሰበሰበ፤ ለብስክሌቱ መንገድ የማታ መብራት ይግባለት አይግባለት ሊያስወስን። የአናጢው እናት ቤት መንገዱ አፍ ላይ ነው። ራስ ምታት የሚያሠቃያቸው ባልቴት ናቸው፤ ብርሃን ሲነካቸው ግንባራቸው ይፈለጣል።

«ልጄ፣ መስኮቴ ሥር እንዳይተክሉብኝ ተናገርልኝ» አሉት።

ተነሥቶ ተናገረ። ሆድ ብሶት ነበርና ቃሉ ከረረ።

«በጨለማ ያን መንገድ የሚፈልግ ማነው? ጤነኛ ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል። ሌላው ባትሪ ይያዝ!»

አዳራሹ አጨበጨበ።

ከኋላ አንዲት ሴት ወንበር ተደግፋ ቆመች። ፍሬን የለሽ ነበረች።

«እኔ እፈልገዋለሁ» አለች። «ጤነኛም አይደለሁም። ሲመሽ አላይም። ባትሪ ከእግሬ ጫፍ በቀር ምንም አያሳየኝም። እንጀራዬ ያለው ከዚያ መንገድ ማዶ ነው፤ መብራት ካልገባ ሥራዬን መተዌ ነው።»

አናጢው ዞሮ አያት። ሰው አዘነላት፤ አቋሙን ግን አልቀየረም። ድምፅ ሲቆጠር የመብራቱ ሐሳብ ወደቀ።

ሮጦ በር ላይ ደረሰባት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ና ምራኝ ብዬ?»

«አዎ! እንዲያ ብለሽ!»

«እናትህን ትጦራለህ። ሁለት ሰው በአንድ ትከሻ አይሆንም። በቃ ተወኝ።»

ግድግዳውን እየዳበሰች ሄደች። ሊከተላት ሲል እናቱ ክንዱን ያዙት። ዕንባቸው ይወርዳል።

«እኔስ መጋረጃ እሰቅላለሁ» አሉ። «ያቺ ልጅ ምን ታደርጋለች?»

እናትና ልጅ የማዘጋጃ ቤቱን ደጅ ጠኑ፤ በየቤቱ እየዞሩ ጎረቤት ለመኑ። ውሳኔው የተቀየረው ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ልጅቷ ሥራዋን ለቅቃ እህቷ ቤት ተቀምጣለች፤ የቀኑም ብርሃን ከድቷታል።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነይ፤ ከዚያ አላስቸግርሽም» ብሎ ለመናት።

መብራቱ የሚበራበት ማታ መንገዱ ላይ ቆሙ። መብራቶቹ ቦግ አሉ።

«በራ?» አለችው።

«በራ።»

«ዘገየብኝ» አለች።

በዚህ መሐል የብስክሌት ደወል ተንጫጫ፤ ከፋብሪካ የሚመለሱ ሴቶች እየተሳሳቁ አለፉ። ድምፃቸው እስኪጠፋ አዳመጠች። ጉንጮቿ ረጥበዋል።

«ይቆጨኛል» አለች። «እንዴት እንደሚቆጨኝ አታውቅም። ግን ደስ ይላል።»

«እህትሽ ቤት ልመልስሽ?»

እጇን ዘርግታ ክንዱን ያዘች።

«እናትህ ቤት ናቸው?»

«አሉ፤ መጋረጃ ሰቅለው ይጠብቁሻል።»

«እንግዲያው ወደ እሳቸው ውሰደኝ።»