ከበሩ ያለፈ ውሃ

የጨው መጋዘኑ የዛቂዎች ተጠሪ አስከሬን ተነሥቶ ሄዷል፤ የብረት አካፋው ግን ክምሩ ውስጥ እንደተሰካ ቀርቷል። ሐኪሙ «ኤሌክትሪክ ነው የገደለው» ማለቱን ስትሰማ፣ የመጋዘኑ ጠራጊ መጥረጊያዋን ጥላ ወደ ሴት ልጇ ሮጠች። የቤቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልጇ ናትና።

«የተላጠ ሽቦ ጨው ውስጥ ትታ ነው!» አለ አለቃው። «ድሮም ለራስሽ ስትዪ ጣፍጪ ብያት ነበር።»

«ሽቦው መላጡን በጽሑፍ ያሳወቅሁህ ከሳምንት በፊት ነው!» አለች ልጅቱ።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!» አለች እናት። ልጇ እጇን ታስራ ስትሄድ ገና ከአሁኑ ታይቷታል።

መርማሪው ዓይኑ በድካም የቀላ ሽማግሌ ነበር። ወደ ጨው መዛኙ ሠራተኛ ዞረ።

«ሳምንቱን በዚህ አካፋ ስትዝቁ ነበር?»

«አዎ ጌታዬ። ማንንም አልነዘረም። በየጠዋቱ ቀድሞ የሚዝቀው ሟቹ ነው።»

«ውሃስ?»

«ጨው ቤት ውሃ አይገባም። የምንጠጣውን እንኳ ፈትሸው በር ላይ ያስቀሩታል። አለቃችንን ግን ማን ደፍሮ ይፈትሻል?»

መርማሪው ኃይሉ መጥፋቱን አረጋግጦ ክምሩን ጫረ። ላዩ ደረቅ ነው፤ ጠለቅ ሲል ጣቱ ረጠበ። ሁሉንም ሰበሰባቸው። ከባትሪና ከአምፖል የወጡ ሁለት ሽቦዎች ደረቅ ጨው ውስጥ ሰካ። አምፖሉ አልበራም።

«ጨው ኤሌክትሪክ የሚሸከሙ ቅንጣቶች አሉት» አለ በዛለ ድምፅ፤ «ደረቅ ሲሆን ግን ተቆላልፈው አይንቀሳቀሱም።» ግማሽ ኩባያ ውሃ አፈሰሰ። አምፖሉ ቦግ አለ። «ውሃ ይፈታቸዋል። ሳምንቱን ያልገደለ ሽቦ ዛሬ የገደለው ሰው ውሃ ስላስገባለት ነው።»

«ጣራው አፍስሶ ይሆናላ!» አለ አለቃው እየሣቀ።

«ጣራ ቢያፈስ ላዩ ይረጥብ ነበር። ይሄን ግን ሰው በደረቅ ጨው ሸፍኖታል። እስቲ ጫማችሁን አራግፉ።»

የሁሉም ጫማ ላይ የነበረው ጨው ረገፈ። የአለቃው ጥቁር ጫማ ላይ ግን ነጭ መስመር ደርቋል፤ ቢፈትገውም አልለቅ አለ።

«ደረቅ ጨው ይራገፋል፤ ሟሙቶ የደረቀ እንዲህ ይጣበቃል። ሽቦው መላጡን ታውቃለህ፤ ሳትፈተሽም ትገባለህ። ሰኞ ቦታህን ሊረከብህ የነበረው ማን ነው?»

አለቃው ጫማውን ወደ ኋላ ሸሸገ።

«ሟቹ ነዋ» አለ መዛኙ በሹክሹክታ።

እናት ልጇን አንቃ አቅፋ «ተመስገን» ልትል አፏን ከፈተች። በሩን ተደግፋ የሟቹ እናት ታያት ነበር። ቃሉን ዋጠችው። ልጇን ለቀቀችና ሄዳ ሴትዮዋን ደገፈቻት።